የሩቅ ተመልካቾች የአቤቱታ አቀባበል አዋጅ ቁጥር 2815/2017

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎ፣ በሻምቡና በሌሎችም የወለጋ ከተሞች የሚደርሰው ነገር በየጊዜው በእጅጉ ሲያሳስበን የኖረ በመሆኑ፤

አሳሳቢነቱን በመግለጫ ማሳወቅ ብቻውን በቂ እንዳልሆነና በሁለተኛ መግለጫ ማጠናከር እንደሚገባ በመታመኑ፤

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት መሥራች አባል በመሆኗ፣ መሥራች አባልንም በሰው ፊት መቆጣት ነውር ስለሆነ፤

እንደሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ “የሩቅ ተመልካቾች አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ባይጠቀስም ቅር አይለንም።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

“ሩቅ” ማለት ጄኔቫ፣ ባንጁል ወይም ኢንቴቤ ነው። “አቤት ባይ” ማለት በሕይወት ያለ ሰው ነው። የ“አፋጣኝ” ትርጉም ወደፊት በሚወጣ መመሪያ ይወሰናል።

አንቀጽ 3፦ የጾታ አገላለጽ

በወንድ ጾታ የተገለጸው ለሴትም ያገለግላል። አቤት የሚሉት አብዛኞቹ ግን እናቶች ናቸው።

አንቀጽ 4፦ አቤቱታ ስለሚቀርብበት መንገድ

1) አቤቱታ የሚቀርበው በኢሜይል ብቻ ነው። በእጅ የተጻፈ፣ በቃል የተነገረ ወይም ደረት እየተመታ የቀረበ አቤቱታ አይመዘገብም።

2) ቋንቋው ከስድስቱ የተባበሩት መንግሥታት ቋንቋዎች አንዱ ይሆናል። አፋን ኦሮሞ ወይም አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው በደሉ ሳይደርስበት አስቀድሞ እንግሊዝኛ እንዲማር ይመከራል። አገሪቱ በሰብአዊ መብት አያያዟ በጓደኞቿ በምትገመገምበት ወቅታዊ ግምገማ አንድ ድርጅት ለብቻው መጻፍ የሚችለው 2,815 ቃላት ነው። የአንድ ወረዳ መከራ ከዚህ የበለጠ እንደሆነ ወረዳው ራሱ ይቀንስ።

3) ኔትወርክ በተቋረጠበት አካባቢ የሚኖር አቤት ባይ ከንዑስ አንቀጽ (1) ግዴታ ነጻ ነው፤ ሆኖም፦

ሀ) ኔትወርኩ በተቋረጠ በ48 ሰዓት ውስጥ መቋረጡን በኢሜይል ያሳውቃል፤

ለ) በፊደል ተራ (ሀ) መሠረት ማሳወቅ ያልቻለ፣ ያቋረጠው አካል “አቋርጫለሁ” ብሎ የጻፈውን ባለማኅተም ደብዳቤ ያያይዛል፤

ሐ) ያቋረጠው አካል አላቋረጥኩም ካለ ኔትወርኩ እንዳለ ይቆጠራል። በምዕራብ፣ በቄለምና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ከታኅሣሥ 2012 መጨረሻ እስከ መጋቢት ድረስ ስልክና ኢንተርኔት የጠፋበት ጊዜ ግን ዓለም ያወቀው ስለሆነ በልዩ ሁኔታ ይታያል። ልዩ ሁኔታው ጊዜው አልፎበታል መባሉ ነው፤

መ) ኔትወርክ ፍለጋ እስከ ባኮ ወይም እስከ አምቦ የሄደ ሰው ጥሰቱ ከተፈጸመበት አካባቢ ስለወጣ ቃሉ የስሚ ስሚ ነው። ያልሄደ ቃሉ አይደርስም፤

ሠ) ፎቶግራፍ የተነሳበት ቦታና ሰዓት ከነስልኩ መታየት አለበት። መንገደኛ በየኬላው ስልኩ የሚፈተሽ መሆኑን ተገንዝበናል። ፎቶውን አጥፍቶ ያለፈ ሰው ማስረጃ የለውም። ፎቶውን ይዞ ያለፈ ሰው እስካሁን አላጋጠመንም፤

ረ) ጥሰት ፈጻሚው “መንግሥታዊ” ወይም “መንግሥታዊ ያልሆነ” በሚል ሳጥን ውስጥ ምልክት ይደረግበታል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ባትሪ ዓይን ላይ እያበሩ የመጡ ሰዎች ከካምፕ ይሁኑ ከጫካ በትሕትና ይጠየቁ። ሁለቱም ሳጥን ላይ ምልክት ያደረገ ቅጹ ይመለስበታል፤ በሁለቱም የተዘረፈ ቢሆን እንኳ።

4) ተበዳዩ አቤቱታው በስሙ እንዲቀርብ መፍቀዱን በፊርማው ያረጋግጣል። ፊርማው ስካን ተደርጎ በሁለት ሳምንት ውስጥ በኢሜይል ይላካል። ከዚህ ነጻ የሚሆነው መፈረም የማይችል ተበዳይ ነው፤ አለመቻሉን ግን ፈርሞ ያረጋግጣል። ተበዳዩ የተሰወረ እንደሆነ፣ የተሰወረበት አድራሻ ይገለጽና ቅጹ እዚያ ድረስ ይላክለታል። ያስቀመጠው አካል እኔ ጋ የለም ያለ እንደሆነ ደግሞ አልተሰወረምና

ይቅርታ። ይህን ንዑስ አንቀጽ እንደ ሕግ ጽፌ መጨረስ አቃተኝ። ከነቀምቴ አንድ እናት አሉ፤ “አዴ” እላቸዋለሁ፤ ልጃቸው ሌሊት ከቤት ተወሰደ። ቃላቸውን በኦሮሚኛ ሲነግሩኝ እንግሊዝኛ አድርጌ ጻፍኩ፤ ኔትወርክ ሲመጣ ላክሁት። መልሱ ወዲያው ስልኬ ላይ ጮኸ። “መልእክትዎ ደርሶናል። ይህ በራሱ የተላከ ስለሆነ መልስ አይጻፉ።” አነበብኩላቸው።

“ማን ነው የጻፈው?” አሉ።

“ማንም አልጻፈውም፣ አዴ።”

“እንግዲያ ማን አገኘው?”

ቆይቶ ሰው የጻፈው መልስ መጣ። ስሙን የማልጠራው ያ ቢሮ የጠየቀው የልጁን ፊርማ ነበር። የልጁን! ልጁ መፈረም ቢችል ተገኝቷል ማለት አይደለም? ከተገኘ እናንተን ምን እንላችኋለን? ይህን ቅጽ ያረቀቀው ሰው ልጅ የለውም? ወይስ ልጆቹ የሚኖሩበት አገር ሌሊት በር የሚንኳኳው ፒዛ ሲመጣ ብቻ ነው?

የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር አንቀጽ 56 መንግሥትን፣ ተቋማቱንና የአፍሪካ ኅብረትን የሚያንቋሽሽ ወይም የሚሰድብ ቃል ያለበት አቤቱታ ተቀባይነት የለውም ስለሚል ከዚህ ቀጥሎ የነበሩት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ተሰርዘዋል።

አንቀጽ 5፦ የአገር ውስጥ መፍትሔ

በዚያው አንቀጽ 56 መሠረት አቤት ባዩ መጀመሪያ የአገር ውስጥ መፍትሔን አሟጥጦ ይጨርሳል። ሂደቱ ያለቅጥ ከተንዛዛ ይታለፋል ይላል ቻርተሩ። ያለቅጥ መንዛዛቱን የሚወስነው ባንጁል ያለው፣ ራሱም የሚንዛዛው ኮሚሽን ነው።

አንቀጽ 6፦ ስለ መርማሪዎች

1) ታኅሣሥ 8 ቀን 2014 በተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት በ21 ድጋፍ፣ በ15 ተቃውሞና በ11 ድምፀ ተአቅቦ የተቋቋመው የኢትዮጵያ የሰብአዊ መብት ባለሙያዎች ኮሚሽን ጥሰት ወደተፈጸመባቸው ቦታዎች እንዲገባ ስላልተፈቀደለት፣ ኢንቴቤ፣ ኡጋንዳ ተቀምጦ ብዙውን ምስክር ከሩቅ፣ በስልክና በኢንተርኔት ሰምቷል። በስልክ! አንቀጽ 4 እንደገና ይነበብ።

2) ኮሚሽኑ በሥራ ላይ ሳለ፣ ሰኔ 11 ቀን 2014፣ በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ አማሮች፣ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር፣ ተገድለዋል። በዚህ ንዑስ አንቀጽ ላይ የሚቀለድ ነገር አላገኘንም።

3) በ2016 መግቢያ የኮሚሽኑ ጊዜ ሲያልቅ ይራዘም ብሎ የውሳኔ ሐሳብ ያቀረበ አንድም አገር አልነበረም። ተቃዋሚም አላስፈለገም። ዝም ተብሎ ተዘጋ።

አንቀጽ 7፦ የተገምጋሚ አገር ግዴታ

ተገምጋሚው አገር ምክረ ሐሳብ ሲሰጠው ወይ “ተቀብያለሁ” ወይ “አስተውያለሁ” ይላል፤ “እምቢ” የሚባል ቃል የለም፣ አያስፈልግምም። ኢትዮጵያ መስከረም 29 ቀን 2017 የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት አባል ሆና ስለተመረጠችና ኅዳር 3 ቀን በዚያው ምክር ቤት ግምገማ ፊት ስለተቀመጠች፣ ለሁለቱም እንኳን ደስ ያለሽ ተብላለች። ግምገማው ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ የምስጋናው ጊዜ በዚያው ውስጥ የሚታሰብ ነው።

አንቀጽ 8፦ የተሻሩ ሕጎች

ይህን አዋጅ የሚቃረን ማናቸውም ለቅሶ ተፈጻሚነት አይኖረውም።

አንቀጽ 9፦ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ

በአንቀጽ 4 መሠረት ውድቅ የተደረገ አቤቱታ ወደ ቀጣዩ የግምገማ ዙር ይተላለፋል። ቀጣዩ ዙር ከ4 ዓመት ተኩል በኋላ ነው። አቤት ባይዋ እስከዚያ ድረስ ከአድራሻቸው እንዳይለቁ፣ ስልካቸውንም እንዳይዘጉ ታዘዋል።