ዋንጫ የበላ ቡድን ይበተን!

ሐምሌን እንጅባራ ላይ ያሳለፈ ሰው ክረምት ምን እንደሆነ አይነገረውም። ጉሙ አስፋልቱ ላይ ተኝቶ ያረፍዳል፤ ጋቢ ከትከሻ አይወርድም፤ የጋሪ ፈረሶች ላስቲክ ተደርቦላቸው ጆሯቸውን ጥለው ይቆማሉ። ኳስ የለም፣ ሊጉ ተዘግቷል። ስለ ኳስ አፍ እስኪደርቅ የሚወራው ግን ልክ ኳስ በሌለበት በዚህ ጊዜ ነው። ዲኤስቲቪ ቤቱ ውስጥ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ይቀርባል፤ እገሌ ፈረመ፣ እገሌ ሊፈርም ነው፣ እገሌማ ለሁለት ክለብ ፈርሞ ጉድ ፈላ ይባላል።

እኔም ቁጭ ብዬ ድንች ከምበላ ለአገሬ እግር ኳስ አንድ ምክር ላዋጣ። ጥያቄው ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ክረምቱን ምን ያድርግ የሚለው ነው። መልሴ አጭር ነው፦ ይበተን። ቢቻል የደስታው ጭፈራ ሳያልቅ።

ምክንያቱን ላስረዳ። ያሸነፈ ቡድን ለክለብ አመራር አደገኛ ነው። ተጫዋቾቹ ተላምደዋል። የመስመር ተከላካዩ ቀና ሳይል ኳሷን ወዴት እንደሚሰዳት ያውቃል፤ ግብ ጠባቂው የመሐል ተከላካዩን በሳል ብቻ ያዝዘዋል። እንዲህ ያለ ቡድን ለሥራ አስኪያጁ ምን ሥራ ይተውለታል? ሰውዬውም ሰው ነው፣ ክረምቱን በምን ይግፋው? ነባሩን ተጫዋች ውል ቢያራዝምለት ማንም ዞር ብሎ አያየውም። አዲስ ሲያስፈርም ግን ፎቶ አለ። ያንን ፎቶ ታውቁታላችሁ፦ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ አንድ የታሸገ ውኃ፣ የተጫዋቹ አንገት ላይ የክለቡ ስካርፍ፣ እጁ ላይ ብዕር። ብዕሩ ወረቀቱን አልነካም፤ ሁለቱም ካሜራውን እያዩ ነው። ምን ላይ እንደሚፈርሙ ያየ ሰው ከክፍሉ ውስጥ የለም። የእግር ኳሳችን ልማት ማለት ይኼ ፎቶ ነው፣ ለዚህ ደግሞ የነበረው መባረር አለበት።

ታሪክም ከእኔ ጋር ነው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ከታች ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት ቅዱስ ጊዮርጊስን በግብ ልዩነት በልጦ ዋንጫውን በላ። ሌላ አገር ቢሆን እንዲህ ያለ ቡድን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይቀመጥ ነበር። እዚያው ክረምት ላይ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ኦኪኪ አፎላቢ ወደ ግብፅ፣ አሰልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ ወደ መቀሌ 70 እንደርታ ሄዱ። አባ ጅፋር በአፍሪካ መድረክ ከግብፁ አህሊ ጋር እስከ መጋጠም ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ከኳሱ ይልቅ በተጫዋቾች ደመወዝ ጥያቄ ይነሳ ጀመር። በ2014 ዓ.ም. ወረደ። ከዋንጫ እስከ መውረድ አራት ዓመት። ትንሽ ዘግይቷል፤ የባለሙያ ምክር ቢያገኝ በሁለት ዓመት ይደርስበት ነበር። ደደቢት ደግሞ ረጋ ያለ ክለብ ነበርና በ2005 ከበላው ዋንጫ እስከ 2011 መውረድ ስድስት ዓመት አንዘላዘለው። የሻምፒዮንነቱ ዓመት ግብ አግቢ ጌታነህ ከበደ ግን እዚያው ክረምት ላይ ደቡብ አፍሪካ ገብቶ ነበር።

የገብረመድኅን ነገር ትንሽ ያስቸግረኛል። እኚህ ሰው በ2010 ከጅማ፣ በ2011 ከመቀሌ፣ በ2017 ደግሞ ከኢትዮጵያ መድን ጋር ዋንጫ በሉ። ክለቦቹ ክረምት ከክረምት ተጫዋች ሲያራግፉና ሲጭኑ፣ ዋንጫው በአንድ አሰልጣኝ ሻንጣ ውስጥ ተቀምጦ ከከተማ ከተማ ይዞራል ማለት ነው። ግራ የሚያጋባ መረጃ ስለሆነ ለክለብ ቦርዶች እንዳታሳዩብኝ።

ከ2010 እስከ 2017 ያለውን እንቁጠረው። ጅማ፣ መቀሌ፣ ፋሲል ከነማ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሁለት ጊዜ፣ ንግድ ባንክ፣ መድን። የ2012ቱን ኮሮና በልቶታል። ከእነዚህ ሁሉ ዋንጫውን ጠብቆ የደገመው ቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻ ነው፣ በ2014 እና በ2015። ንግድ ባንክ በ2016 ልክ እንደ ጅማ ባደገበት ዓመት በላ፣ በዓመቱ አስረከበ። ጊዮርጊሶች ከዚያ በፊትም ከ2006 እስከ 2009 አራት ተከታታይ ወስደዋል። የመደጋገም አባዜ ያለበት ክለብ ነው። ደጋፊዎቻቸው «ፈረሰኞቹ» ይሏቸዋል።

እኛ አዊ ላይ ግን ፈረሰኛ ሲባል የሚታየን ሌላ ነው። ጥር 23 የጊዮርጊስ ቀን እንጅባራ የመጣ ያየዋል፦ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል። ግላስ የለበሰ፣ ልጓሙ የሚያብለጨልጭ ፈረስ ሜዳውን ይሞላዋል፤ ሽርጡ አለ፣ ጉግሱ አለ፣ የዓድዋ ፈረሶች ይዘከራሉ። ምክሬን በተግባር ልፈትን ብዬ ጎረቤቴ ወደሆኑ አንድ አዛውንት ፈረሰኛ ሄድኩ። ዘንድሮ ቀንቷቸዋል፤ ጉግሱ ላይ ያሳደዳቸው ሁሉ አልደረሰባቸውም። ከቤታቸው ጀርባ፣ ቀርከሃው ሥር ዳማውን ሲጠርጉ አገኘኋቸው።

«አያ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ለመሆኑ ፈረሱን መቼ ነው የሚሸጡት?»

ቀና አሉ። «ምን አልከኝ ልጄ?»

አስረዳኋቸው። አሸንፈዋል፤ ስለዚህ ይኼን ሸጠው ዳንግላ ገበያ ወርደው ሦስት ይግዙ። ቢቻል አንዱ ሌላ ሜዳ ላይ ያሸነፈ ይሁን። ምናልባት ጉልበቱን ያመው ይሆናል፣ እሱን በኋላ እናያለን። አዛውንቱ አፋቸውን ይዘው አዳመጡኝ። ከዚያ ወደ ፈረሱ ሆድ አጎነበሱና አንድ ጠፍር አሳዩኝ።

«ይኼ ላልቷል። ጉግሱ ላይ ሁለት ጊዜ ኮርቻዬ ተንሸራቶብኛል። እርካቡም አንዱ ተሰንጥቋል። እነዚህን አሠራለሁ። ፈረሱማ...» አንገቱን መታ መታ አደረጉት። «ስሸሽ ወዴት እንደምዞር ከእኔ ቀድሞ ያውቃል። ምኑን ልሽጠው?»

ዘመናዊ የስፖርት አስተዳደር ገጠር ድረስ እንዳልዘለቀ ገባኝ። ሰውየው ያለ ወኪል ነው የሚጋልቡት።

እስቲ ወደ ሠለጠነው ዓለም እንሂድ። ሊቨርፑል በአውሮፓውያኑ 2024 ክረምት ወዲያው የሚጫወት ያስፈረመው ኪዬዛን ብቻ ነበር። በዚያው የውድድር ዓመት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ በላ። ዲኤስቲቪ ቤታችን የአርሰናል ደጋፊ ይበዛበታልና ያን ቀን ድንች እንኳ አልተሸጠም። ሊቨርፑሎች ግን እንደ እኔ ያለ አማካሪ ሳያገኙ አልቀሩም፤ በ2025 ክረምት ቪርትዝ፣ ኤኪቲኬ፣ በ125 ሚሊዮን ፓውንድ ኢሳክ፣ ሌሎችም ተጨመሩና ወጪው ከ400 ሚሊዮን ፓውንድ አለፈ። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር አጋማሽ ባለው ጊዜ ከሰባት የሊግ ጨዋታ ስድስቱን ተሸነፉ። በዚያው ክረምት ዲዮጎ ጆታን በመኪና አደጋ አጥተዋል፤ የእሱን ሐዘን ከዚህ ቀልድ አወጣዋለሁ። ቀሪው ግን የምክሬ ፍሬ ነው።

አንድ የማይመቸኝ ምሳሌ አለ። አሜሪካኖች ቤዝቦል የሚሉት የዱላና የኳስ ጨዋታ አላቸው። የሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ በ2024 ዋንጫውን በላ፤ ክረምቱን አርፎ አልተቀመጠም፤ ብሌክ ስኔልን በ182 ሚሊዮን ዶላር፣ ከጃፓን ደግሞ ሮኪ ሳሳኪን አመጣ፤ በ2025 ደገመው። ይኸው፣ ሻምፒዮን ሲገዛ ያምርበታል! እያልኩ ስጨፍር አንድ የዩኒቨርሲቲ ልጅ አቋረጠኝ። የገዟቸው ሁለቱም ኳስ ወርዋሪዎች ናቸው አለኝ። በሻምፒዮንነቱ ዓመት ወርዋሪዎቻቸው በጉዳት አልቀውባቸው ነበር፤ ኦታኒን፣ ቤትስን፣ ፍሪማንን ግን አልነኩም። ጠፍሩን ነው ያሠሩት ማለት ነው። ይኼ ልጅ ከአዛውንቱ ጋር ተመካክሮ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ሁለተኛ ድንች አላዘዝኩለትም።

ደግሞ የሊቨርፑልና የዶጀርስ ገንዘብ የባለሀብት ነው፤ ቢቃጠል የሚያለቅስ ባለቤት አለው። የእኛ ክለብ አብዛኛው የከተማ አስተዳደር ወይም የመንግሥት ድርጅት ነው። ውበቱም እዚህ ላይ ነው፦ ያልተነጠፈ ኮብልስቶን አጥቂ ይገዛል፣ ያልተዘረጋ የውኃ መስመር ለተከላካይ የፊርማ ገንዘብ ይሆናል። ከተሜው ጭቃ እየረገጠ ስታዲየም ሲሄድ የራሱ መንገድ ሜዳ ላይ ሲሯሯጥ ያያል። ይኼን የመሰለ ግልጽነት የት ይገኛል? በ2011 ዓ.ም. ክረምት ፌዴሬሽኑና ክለቦች ተሰብስበው የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ቀናተኞች ናቸው። ደግነቱ ጠረጴዛ ሁለት ፊት አለው፤ ውሉ ከላዩ ሲፈረም ሥሩ ምን እንዳለ ጎንበስ ብሎ የሚያይ የለም።

«ታዲያ ሻምፒዮን ምንም አይግዛ ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ማን አለ? ይግዛ እንጂ! ግን የጎደለውን አይደለም። ግብ ጠባቂው ደካማ ከሆነ አጥቂ ይግዛ። አጥቂ ሦስት ካለው አራተኛ ይጨምር፤ ተጠባባቂ ወንበሩ ብርድ ነው፣ ሰው ሲበዛበት ይሞቃል። ከታዳጊ ቡድኑ የወጣ የሰፈር ልጅ ካለ በውሰት ይላክና ሌላ ክለብ ሲያገባ አብረን እናጨብጭብለት፤ በሦስተኛው ዓመት በውድ ገንዘብ እንመልሰዋለን። አሰልጣኙ «ይኼን ተጫዋች አልጠየቅኩም» ካለ፣ አሰልጣኙም የክረምቱ ዕቅድ አካል ነው።

ትናንት ዲኤስቲቪ ቤቱ ጮኸ። «ፈረመ! ፈረመ!» ሁላችንም ወደ አንድ ልጅ ስልክ ተንጋጋን። ክለቡን አልጠራም። ፎቶው ያው ነው፤ አበባው፣ ውኃው፣ ስካርፉ፣ አየር ላይ የቀረው ብዕር። ተጫዋቹን ግን የት እንደማውቀው ግራ ገባኝ። አንዱ ሳቀ። ተጫዋቹ አምና ከዚያው ክለብ «አያስፈልግም» ተብሎ የተሸኘው ነው። ስካርፉ እንኳ የድሮው ነው፣ ጫፉ ላይ የተተረተረው ክር አሁንም አለ።

በመስኮቱ በኩል አዛውንቱ ዳማቸውን ይዘው በካፊያው ውስጥ አለፉ። ጠፍሩ አዲስ ነው፣ ገና ቆዳው አልለሰለሰም፤ ሲራመዱ ሲጢጥ ይላል።