አሥር ዓመት ያላየ አክሲዮን አይግዛ

ከጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ የዶሎ ኦዶ ሰው አዲስ አደጋ ተጋርጦበታል። በዚያ ዕለት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን አንዱን በ300 ብር፣ ከ33 አክሲዮን በታች አልሸጥም ብሎ፣ በቴሌብር ለገበያ አቅርቦ ነበር። ድሮ አክሲዮን ሊሸጥልዎ የፈለገ ሰው ከነገሌ ቦረና ተነስቶ፣ ፊልቱን አልፎ፣ አቧራ ጠጥቶና ሙቀቱን ችሎ ደጅዎ መድረስ ነበረበት። መንገዱ ራሱ ጥሩ ማጣሪያ ነበር። በዚያ ሽያጭ ግን ሻይዎን ይዘው ገናሌ ወንዝ ዳር እንደተቀመጡ በ9,900 ብር ባለአክሲዮን መሆን ይችሉ ነበር። ስለዚህ የሚከተለውን ምክር አጥብቀው ይያዙ።

የአንድ ዓመት ትርፍ ብቻ የሚያሳይዎትን ሰው ሻይ ጋብዘው ይሸኙት። በከብት ገበያ እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት እንደሚሸኙ ያውቁበታል። የጉ ዝናብ ዘንቦ፣ ሣሩ በቅሎ፣ ሻኛዋ ቆሞ፣ ጡቷ ሞልቶ የቀረበችልዎትን ግመል ዲላሉ (ደላላው) «ወተቷን ይዩ!» እያለ ቢያሞግስልዎ ወተቷን አያዩም። «አደር (አጎቴ)፣ እስቲ የድርቁን ጊዜ ንገረኝ» ይሉታል። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 እ.ኤ.አ. አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከዳ የት ነበረች? ስንት ቀን ያለ ውሃ ተጓዘች? ግልገሏ ተረፈ? በ2023ስ የቀረው የደይር ዝናብ በአንዴ ጎርፍ ሆኖ መጥቶ ገናሌና ዳዋ ሲሞሉ ከወንዙ በየትኛው ማዶ ነበረች? ዋጋ የሚቆርጡት ክፉውም ደጉም ዓመት ተደምሮ ለሚወጣው አማካይ እንጂ ለዘንድሮ ወተት አይደለም። ይህን ሁሉ የሚያውቁ ሰው፣ አንጸባራቂ ወረቀት ላይ «ትርፋችን ከአምናው በ40 በመቶ አደገ» የሚል ሲያነቡ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቁ ስልክዎን ለምን ያወጣሉ?

የእርስዎ ዕውቀት ኋላ ቀር መስሎዎት እንዳይሸማቀቁ። አሜሪካኖቹ እዚሁ ላይ የደረሱት ዘግይተው ነው። ቤንጃሚን ግራሃምና ዴቪድ ዶድ በ1934 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የኩባንያን ትርፍ የሚመዝን ሰው ቢያንስ የአምስት፣ ቢቻል የሰባት ወይም የአሥር ዓመት አማካይ ይያዝ አሉ። ጆን ካምቤልና ሮበርት ሺለር ደግሞ በ1988 ባወጡት ጥናት የየዓመቱን ትርፍ መጀመሪያ በዋጋ ግሽበት አስተካክለው ወደ አንድ ዘመን ገንዘብ ለወጡት። ከዚያ የዛሬውን የአክሲዮን ዋጋ ለዚያ አማካይ ማካፈል ነው፤ ቁጥሩ ሲተልቅ ውድ፣ ሲያንስ ርካሽ። የአሜሪካ ገበያ ከ1881 ጀምሮ በዚህ ሲለካ መካከለኛው 17 ገደማ ነው። በ1920 መጨረሻ ከ5 በታች ወርዶ ነበር፤ በ1999 መጨረሻ 44 ደርሷል። ሺለር በ2013 የኖቤል ሽልማት አገኘ። የዶሎ ዲላል እስካሁን አላገኘም።

የአንድ ዓመት ትርፍ ምን ያህል እንደሚዋሽ ማየት ከፈለጉ የ2009ን ፀደይ ይመልከቱ። የባንኮቹ ቀውስ የአሜሪካ ኩባንያዎችን ትርፍ ጠራርጎ ስለወሰደው፣ የአክሲዮናቸው ዋጋ ለዓመቱ ትርፍ ሲካፈል ከ100 በላይ ወጣ። ሰማይ የነካ ውድነት! በአሥር ዓመቱ አማካይ ሲካፈል ግን 13 ነበር፤ በዚያ መጋቢት የገዙት ሰዎችም ዛሬ ስለዚያ መጋቢት ማውራት አያቆሙም። የከሳችውን ግመል «ወተት የላትም» ብለው ያለፏት እነማን እንደነበሩ ግን ማንም አያስታውስም።

ታዲያ ዘዴው ቀጠሮ አይሰጥም። ሺለር በዲሴምበር 1996 ለአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሰዎች ገበያው ከልክ በላይ ተወዷል ብሎ አስረድቶ ነበር፤ ገበያው ግን ከዚያም በኋላ ከሦስት ዓመት በላይ ወደ ላይ ሲጋልብ ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ምክሩን የሰማ ሰው ጎረቤቱ ሲከብር እያየ አንገቱን ደፍቶ ኖሯል። እርስዎም ይህን ምክር ከተቀበሉ ለዚህ ይዘጋጁ፤ ባለቤትዎንም ያዘጋጁ።

አሥር ዓመት በዛ ካሉ መከራከር ይችላሉ። ቦረናዎች ዘመን የሚቆጥሩት በስምንት ዓመት ገዳ ነው። የቦረና ቆላ ከብት ከ1983 እስከ 1985፣ እንደገናም ከ1991 እስከ 1993 እ.ኤ.አ. በድርቅ አልቋል፤ ስምንት ዓመት የያዘ ሰው እንግዲህ ከክፉ ጊዜ አንዱ አያመልጠውም። የእኔ ሚዛን ወደ አሥሩ ያደላል፣ ለማካፈል ስለሚቀል።

አሁን እስክሪብቶ ያውጡ። አንድ ባንክ እንያዝ፤ ስሙን አልጠራም፣ ለስሌት የፈጠርኩት ስለሆነ ስም የለውም። የአክሲዮኑ ዋጋ 1,000 ብር ነው፤ ከ2015 እስከ 2024 እ.ኤ.አ. በየዓመቱ በአክሲዮን 250 ብር አትርፏል። ሻጩ «አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ብር አልወረደም!» ብሎ ይምላል፤ መሐላው እውነት ነው። 1,000 ለ250 ሲካፈል 4 ነው፤ ጥሩ ይመስላል።

ቀጥለው ግሽበቱን ያስገቡ። በእነዚያ ዓመታት የኢትዮጵያ አጠቃላይ የዋጋ ደረጃ ወደ አምስት እጥፍ ገደማ ወጥቷል፤ በ2022 ብቻ ጭማሪው ከ33 በመቶ በላይ ነበር። ስለዚህ የ2015ቱ 250 ብር በ2024 ብር ሲመነዘር 1,250 ያህል ይሆናል፤ የ2020ው 670 ገደማ፤ የ2024ቱ ያው 250። አሥሩን ደምረው ለአሥር ሲያካፍሉ አማካዩ 740 ብር አካባቢ ይመጣል። 1,000ን ለዚህ ሲያካፍሉ 1.4 ገደማ።

እንኳን ደስ አለዎት። አሜሪካ በ140 ዓመት ውስጥ አይታው የማታውቀው ርካሽ አክሲዮን በእጅዎ ገብቷል።

ስልክዎን ግን ለጊዜው ያስቀምጡት። አማካይ የሚሠራው ነገሩ ወጣ ወረድ እያለ ወደ መሐሉ የሚመለስ ሲሆን ነው። ይህ ባንክ ወጣ ወረድ አላለም፤ ከ1,250 ተነስቶ ቁልቁል ሲሄድ 250 ላይ ደርሷል። ወደ 740 የሚመልሰው ምን እንደሆነ ሻጩም፣ ኦዲተሩም፣ ኖቤሉም አይነግርዎትም። በየዓመቱ ግመል እየሞተበት ያለን መንጋ የአሥር ዓመት አማካይ አውጥቶ «ይህ ሰው በአማካይ ባለ 74 ግመል ነው» እንደማለት ነው፤ ዛሬ በረቱ ውስጥ የቀሩት 25 ናቸው። ስለዚህ ምክሬን አሻሽዬ ልድገመው፦ አማካዩን ከማውጣትዎ በፊት አሥሩን የተስተካከሉ ቁጥሮች በአንድ መስመር ደርድረው ወዴት እንደሚሄዱ ይዩ። በአሜሪካ ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ አይጎዳም፤ ግሽበታቸው ለስለስ ያለ ነውና። እኛ ዘንድ ስሌቱን የሚሠራው ግሽበቱ ነው፤ ትርፉ አጃቢ ነው።

«የባንኩ ትርፍ እኮ በየዓመቱ አድጓል» ይሉኛል። ጠቅላላው አዎን፤ በሪፖርቱ ሽፋን ላይ በወፍራም ቀለም ተጽፏል። የአክሲዮኑ ቁጥርም አብሮ አድጓል። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ ሲያደርግ፣ አዲስ አክሲዮን ማተም ግዴታ ሆነ። ብዙ ጊዜ አዲሱ የተሸጠው በዚያው በድሮው ዋጋ ነው። ስለዚህ «ትርፍ በ40 በመቶ አደገ» የሚል ሲሰሙ ሁለት ነገር ይቀንሱ፦ የዓመቱን ግሽበትና የአክሲዮኑን ብዛት ጭማሪ። ቀንሰው ሲጨርሱ የሚተርፍ ካለ እሱ ዕድገት ነው።

ፍርድ እንዳላጓድል ግን አንድ ልጨምር። በ2015 እ.ኤ.አ. ያንን የፈጠርኩትን ባንክ አክሲዮን የገዛ ሰው የከፈለው 1,000 ብር በ2024 ብር 5,000 ያህል ነው። ትርፉ በሙሉ እየተከፈለው፣ በየዓመቱ ያንኑ ዕለት ግመል ገዝቶበት ከሆነ፣ የተቀበለው በዚያው ብር ሲመነዘር ከ7,000 ይበልጣል። አልከሰረም። የከሰረው የትርፍ ድርሻውን በቁጠባ ደብተር አስቀምጦ የከረመው ነው።

የግሽበቱን ቁጥር ከየት እንደሚያገኙ ይጠይቁኛል። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሸማቾችን ዋጋ በየወሩ ያወጣል፤ ለአብዛኛው ሰው ይበቃዋል። የዶሎ ኦዶ ሱቅ ግን ብዙ ዕቃውን ከማንዴራና ከሶማሊያ በኩል ያስገባል፤ ዋጋው ከብር ይልቅ ሽልንግና ዶላር ይሰማል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ማለፉን ከአዲስ አበባ ሰው ቀድመው የሰሙት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ የራስዎን መለኪያ ያዘጋጁ፤ ስኳር፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ አንድ ጀሪካን ነዳጅ። በየዓመቱ በረመዳን ዋዜማ ዋጋቸውን ይመዝግቡ። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ ስሌትዎ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል፤ ቢሆንም ከሻጩ ብሮሹር ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው አሥሩን ዓመት ማግኘት ነው። በወለድ የሚሠራ ባንክ አልነካም ካሉ፣ ከወለድ ነፃ ከሆኑት ፈር ቀዳጁ ዘምዘም ሥራ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው። ከወጋገን ቀጥሎ ገበያው ላይ የተመዘገበው ገዳ ባንክ በ2014 ጀመረ፤ ስሙን የወሰደበት ሥርዓት ለአንድ ሥልጣን ዘመን ስምንት ዓመት ይጠይቃል፣ ባንኩ ራሱ ገና ያን አልሞላም። ኢትዮ ቴሌኮም ዕድሜ አለው፤ ነገር ግን ከአሥሩ ዓመት የሚበዛውን የሠራው ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት፣ ብቻውን ሆኖ ነው። ተፎካካሪ ያልነበረውን ሰው የሩጫ ሰዓት አማካይ አውጥተው ምን ሊያደርጉት ነው? ምናልባት ለዚህም ይሆናል ለሽያጭ ከቀረቡት 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች የተሸጡት 10.7 ሚሊዮን ብቻ የሆኑት። ወይም ደግሞ ሰው ገንዘብ አልነበረውም፤ ይህንን ምክንያት ምሁራን ሁልጊዜ በመጨረሻ ነው የሚያነሱት።

ገበያው ራሱም ረጅም የዋጋ ታሪክ የለውም። ከዚህ በፊት የነበረው፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በብሔራዊ ባንክ ጥላ ሥር አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የአክሲዮን ግብይት፣ አሥር ዓመት ሊሞላው ሲል ነው አብዮቱ የደረሰበት። በ1967 ዓ.ም. ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና ትላልቅ ፋብሪካዎች ተወረሱ። አማካዩን በጥንቃቄ አስልቶ፣ በጥሩ ዋጋ ገዝቶ የተቀመጠ ጠንቃቃ ሰው ያኔም ነበር ብዬ አምናለሁ። ስሌቱ ትክክል ነበር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አንብበው አሁንም መግዛት ካማረዎት፣ የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ አዲስ አበባ ድረስ ይሂዱ። ሰብሳቢው የዓመቱን ትርፍ አንብቦ፣ ጭብጨባው ሲበርድ፣ እጅዎን አውጥተው በትሕትና ይጠይቁ፦ «ክቡር ሰብሳቢ፣ የአሥሩን ዓመት የአንድ አክሲዮን ትርፍ በዛሬ ብር መንዝረው ያነቡልናል?» ሰብሳቢው ጥያቄው ጥሩ መሆኑን ይናገራል፤ በጽሑፍ መልስ እንደሚሰጥበት ቃል ይገባል፤ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ያልፋል። ከዚያ ምሳ ይቀርባል። እንዳያፍሩ፣ ደህና አድርገው ይብሉ፤ ወጪው ከትርፍ ድርሻዎ ላይ ተነስቷል።