ጎሽ ያሰኘ መሬት

የዱር አራዊት አጠባበቅን መማር የሚሻ ሹም ካለ ወደ ኮሎራዶ ይሂድ። ከዴንቨር መሀል በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ፋብሪካና መኖሪያ ቤት በከበቡት ስፍራ፣ ከ6,000 ሄክታር በላይ የሆነ የሣር ሜዳ ተንጣሏል። አጋዘኑ ያለ ስጋት ይግጣል፤ ጭልፊቱ ከላይ ይቃኛል፤ የቀበሮ ዘመድ የሆነው ኮዮቴም በብሕትውና ይኖራል። በከተማ ዳር ይህን የሚያህል ሜዳ ሳይሸነሸን መቆየቱ እንዲያው በዕድል አይደለም፤ ጠንካራ ጠባቂ ስለነበረው ነው።

ጠባቂው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ነው። በ1942 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ገበሬዎቹን ከእርሻቸው አስነሥቶ ቦታውን ሮኪ ማውንቴን አርሰናል አለው። ወቅቱ የጦርነት ነበርና ማን ምን ይላል? ማረሻው ወጣ፤ የሰናፍጭ ጋዝና ናፓልም ገባ፤ በ1950ዎቹ ሳሪን ተከተለ። ጠብታው ሰው የሚገድል ነገር የሚሠራበትን ግቢ አጥር ደፍሮ የሚነቀንቅ አይኖርም፤ ሣሩም በሰላም አደገ። ከ1952 ጀምሮ ሼል ኩባንያ በዚያው ግቢ ፀረ ተባይ መድኃኒት ያመርት ነበር። ሁለቱ ጎረቤቶች ተስማምተው ኖሩ፤ ሥራቸው የሚለያየው ተባዩ ማን ነው በሚለው ላይ ብቻ ነበር።

እርግጥ በግቢው ሐይቆች ላይ ያረፉ ዳክዬዎች ሞተው ይገኙ ነበር። በ1954ም ከግቢው በስተሰሜን ያሉ ገበሬዎች በጉድጓድ ውሃ ያጠጡት ሰብል ደረቀባቸው። ሠራዊት ደግሞ ምሥጢር ጠባቂ ነው፤ ዝቃጩን ለምድር ብቻ ሊያዋያት ወሰነ። ከ3,600 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ጉድጓድ አስቆፈረና ከ1962 ጀምሮ ፈሳሹን እየገፋ ሆድ ይፍጀው አላት። የምድር ሆድ ግን እንደ ሰው ሆድ አልቻለም፤ የዴንቨር አካባቢ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በ1966 መገፋቱ ቆመ፤ ትልቁ መንቀጥቀጥ ግን የመጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው። አንዳንዱ የሰማውን የሚናገረው ቆይቶ ነው።

የምሥራቹ የተሰማው በ1986 ነበር። በአገሪቱ ማኅተም ላይ ክንፉን ዘርግቶ የምናውቀው ያ ራሰ ነጭ ንስር እዚሁ ግቢ ውስጥ የክረምት ማደሪያ አበጅቶ ተኝቶ ተገኘ። እስከዛሬ የት ነበርክ ብሎ ያስቸገረው የለም፤ ሁሉም እንዳይነቃ ተጠነቀቀለት። በ1987 ግቢው በአገሪቱ እጅግ ከተበከሉ ቦታዎች መዝገብ ገባ፤ በ1992 ደግሞ ኮንግረሱ የዱር አራዊት መጠለያ ይሁን ብሎ ሕግ አወጣ። መጀመሪያ መርዝ መሆኑ ታወቀ፤ ቀጥሎ ማን ይኑርበት የሚለው ተወሰነ።

ውሳኔው ብልህነት አለበት። ሰው ቢመለስ ካርታ ይጠይቃል፤ ካሣ ይላል፤ ልጁ ሲታመም ሐኪም ይጠራል፤ ሐኪሙ ሲጠራጠር ጠበቃ ያቆማል። አጋዘን ምትክ ቦታ ጠይቆ አያውቅም፤ ኮዮቴም ሌሊቱን ሲጮኽ ቢያድር ጩኸቱ ቃለ ጉባኤ ላይ አይሰፍርም። በቦታው ቤት መሥራት፣ ማረስ፣ የከርሰ ምድሩን ውሃ መጠጣት ተከለከለና ነገሩ ተቋጨ። መሬትን ለነዋሪ ከማስማማት ከመሬቱ ጋር የሚስማማ ነዋሪ መፈለግ ሳይቀል አይቀርም።

ጽዳቱ በ2010 ሲጠናቀቅ ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቶ ነበር፤ ሠራዊቱና ሼል ሂሳቡን ተካፈሉት። በመካከሉ፣ በ2000፣ ሳሪን ያለባቸው ትናንሽ ቦምቦች ከቁርጥራጭ ብረት ክምር ውስጥ ብቅ ማለታቸው የንብረት አያያዙን ጥንቃቄ ይመሰክራል። ያለፈው ሁሉ በክብር ተቀበረ፤ የተበከለው አፈርና የፈረሰው ፋብሪካ እዚያው ግቢ ጉድጓድ ገብቶ ሣር ለበሰ። ከሣሩ ሥር ባለው አፈር ውስጥ የተፈጨ ኮንክሪት ተነጥፏል፤ ፕሬሪ ዶግ የሚሉት እንስሳ ምሶ ወደ ታች እንዳይዘልቅ ነው። መጠለያው ፍጡርን ሁሉ ይወዳል፤ ቆፋሪ ግን ልኩን ማወቅ አለበት። የቀብሩ ቦታ ዛሬም በሠራዊቱ እጅ ነው፤ ከቀባሪ በላይ ለመቃብር ማን ይቆረቆራል?

በ2007 ጎሽ ከሞንታና መጣ፤ በ2015 ሊጠፋ ተቃርቦ የነበረው ጥቁር እግሩ ፌሬት የሚባለው እንስሳ ተከተለ። ከጎሹ ጋር በዚያ ሜዳ የኖሩት የአራፓሆና የሸየን ሕዝቦች በመልሶ ማቋቋሙ ዝርዝር ውስጥ አልተካተቱም፤ መርሐ ግብሩ የዱር አራዊት ነዋ። ገበሬዎቹም እንደዚሁ። ዛሬ ከአውሮራ ከተማ ልጆቹን በመኪና ጭኖ የሚመጣ አበሻ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ጎሽ!» ሲል ይሰማል፤ ለማን እንዳለው የሚጠይቀው የለም።

ለጎብኚም ቢሆን አሳቢነቱ አልቀረም። ከሐይቆቹ ዳር መንጠቆ መጣል ይፈቀዳል፤ የተያዘው ዓሣ ግን ተመልሶ ወደ ውሃው መለቀቅ አለበት፤ መብላት ክልክል ነው። ዓሣው ይደነቃል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይሰናበታል። በአንድ ሕግ ዓሣው ከሰው ይጠበቃል፤ ሰውም ከዓሣው። ከጠባቂው ስለመጠበቅ ሕጉ ያነሣው ነገር የለም፤ መቼም ለአራዊት ተብሎ የወጣ ሕግ ሁሉን ነገር ያንሣ አይባልም።