ጨንቻን በሁለተኛ ማርሽ

ስፖርት መኪና የሚነዱ ሰዎች አንድ ትልቅ ኩራት አላቸው፤ ማርሽ መቀነስ። ማርሽ መጨመርማ ማን ያቅተዋል! ወንድነቱ፣ ይላሉ፣ ጥምዝ ሳይደርሱ ከአራተኛ ወደ ሁለተኛ ሲወርዱ መኪናው እንዳይንገጫገጭ ማድረጉ ላይ ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ጥበብ አዲስ አበባ፣ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ፣ ከስልኩ ነው የተማረው። መኪና የለውም። መንጃ ፈቃድ ግን አለው፤ ንድፈ ሐሳቡም ሞልቷል።

"ጋሽዬ፣ የቀኝ እግር ጣት ፍሬን ላይ፣ ተረከዙ ነዳጅ መስጫ ላይ" እያለ አርባ ምንጭ ሳሎኔ ውስጥ ምንጣፌን ይረግጣል። "ግራ እግር ፍሪሲዮን ይይዛል። በመሃል በተረከዝ ነዳጅ ነካ! ሞተሩ ዙሩን ከፍ ሲያደርግ ማርሹን አስገብቶ ፍሪሲዮን መልቀቅ።"

ነገሩ እውነት ነው። በዚያው ፍጥነት ማርሽ ከተቀነሰ ሞተሩ በብዙ ዙር መሽከርከር አለበት። ቀድሞ ካልተዘጋጀ ጎማዎቹ ጎትተው ያስፈጥኑታል፤ ያን ጊዜ ጋቢና የተቀመጠ ሰው መስታወቱን በግንባሩ ይሳለማል። ኒሳን ለዚህ መላ አበጅቶ፣ እ.ኤ.አ. የ2009 ሞዴል በሆነው 370ዜድ ላይ ኮምፒውተሩ ራሱ ነዳጁን እንዲነካ አድርጓል። ልጁ ይህን ሲያወራ ሃይማኖቱ የተነካበት ይመስላል።

በሚኒባስ ጨንቻ ወሰድኩት። ስንወጣ ያለውን ልለፈው፤ ዳገት ላይ ሁሉም ሰው ጨዋ ነው። ቁም ነገሩ መልሱ ላይ ነው። ከጨንቻ እስከ አርባ ምንጭ ሠላሳ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 1,400 ሜትር ያህል ይወረዳል። ብርዱና ፖሙ ላይ ይቀራል፤ ሙቀቱና ሙዙ ታች ይጠብቃል። መንግሥት ራሱ ይህን ቁልቁለት የወረደው በ1950ዎቹ ነው፤ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ሲዛወር። በስንተኛ ማርሽ እንደወረደ የጻፈ የለም።

ሦስት ቶን የሚመዝን ሚኒባስ ይህን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ልውረድ ቢል፣ ፍሬኑ ላይ የሚያርፈው ሙቀት በአሥሮች የሚቆጠር ሊትር ውሃ ያፈላል። ለሰርግ የሚበቃ ሻይ ማለት ነው። የጋለ ሸራ ደግሞ ቢረግጡትም አይዝም። ረዳቱ ታኮውን ከእግሩ ሥር የማያርቀው ወዶ አይደለም።

ሾፌራችን በዕድሜ የገፉ፣ ሸበጥ የተጫሙ ሰው ናቸው። ቀኝ እጃቸው ማርሹ ላይ እንደተጫነ አይነሳም፤ ንዝረቱን በመዳፋቸው ያዳምጣሉ። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲወርዱ ፍሪሲዮን ረገጡ፤ ዜሮ ላይ አቁመው ለቀቁ፤ ነዳጅ ነካ አደረጉ፤ እንደገና ፍሪሲዮን ረግጠው አስገቡ። ኋላ የተቀመጠች ሴትዮ ጋቢዋ ውስጥ እንደተኛች ነው።

"ፍሪሲዮን ሁለቴ ረገጡ!" አለ የእህቴ ልጅ።

"ኤንትሬ ያስለመደኝ ነው" አሉ። እንደ ኤንትሬ ያለ የድሮ ከባድ መኪና ካምቢዮ ይህ ካልተደረገለት ጥርሱን ያፋጫል። የዛሬው ሚኒባስ ማርሹን የሚያስማማ ቀለበት ስላለው አይፈልገውም፤ እሳቸው ግን አልተዉትም።

"ተረከዝዎን ግን አልተጠቀሙም፤ ጥምዙ ላይ ፍሬንና ነዳጅ አብሮ ለመያዝ…"

"ጥምዝ ላይ ፍሬን ምን ሊሠራ? ሥራውን አስቀድሞ የጨረሰ እግር እዚያ ሲደርስ ያርፋል።"

ይህን ሲሉ ዶርዜ አጠገብ የመንገዱ መታጠፊያ ላይ ሕፃናት በእጃቸው ቆመው እግራቸውን ሰማይ ላይ እያወዛወዙ ጠበቁን። እኛ ፈረንጅ አለመሆናችንን በተገለበጠ ዓይናቸው አይተው ወደ ዳር ተንከባለሉ። ሚኒባሱ በሁለተኛ እያጉረመረመ አለፈ፤ ፍሬን አልተነካም። ከታች ዓባያ ቀልቶ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ ተዘርግተዋል።

"ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ዜሮ አድርጎ የሚወርድም አለ" አሉ ሾፌሩ። "በቆጠበው ሸራ ይገዛበታል፤ ከተረፈ።"

"አይቆጥብም እኮ ጋሼ! የአሁን ሞተር ቁልቁለት ላይ ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ካልተረገጠ መርጨቱን ያቆማል። ዜሮ ላይ ግን እንዳይጠፋ ይጠጣል።"

ሾፌሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብለው አዩት። ስልኩ አንድ ቁም ነገር አስተምሮታል ማለት ነው።

ልጁ በዚህ ተበረታትቶ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ጀመረ። በጥር 2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ሐዘኑ እሱ ነው፤ የሚቀየር ማርሽ የሌለው መኪና ላይ ተረከዝ ምን ይሠራል?

"ታዲያ ቁልቁለቱን በምን ይይዛል?" አሉ ሾፌሩ።

"ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ ይይዛል። የወረደበትን ጉልበት መልሶ ባትሪው ላይ ይሞላል።"

ሾፌሩ አንድ ጥምዝ ሙሉ አሰቡበት። "ሰውየው ጨንቻ አድሮ፣ ባትሪውን ሞልቶ ከተነሳስ? የት ያስቀምጠዋል?"

ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ሙሉ ባትሪ ጭማሪ አይቀበልም። የእህቴ ልጅ ስልኩን አወጣ። ኔትወርክ የለም።