ፊልም ወይስ ዲጂታል? ፍርዱ የአክስት ነው

አሜሪካ፣ ጆርጂያ ካለችው ሮዝዌል ተነስቶ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሻንጣው የራሱ አይደለም። እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚፈቀድላቸው ሁለቱ ሻንጣዎች ለአክስት ጫማ፣ ለአጎት ጃኬት፣ ለጎረቤት ልጅ ላፕቶፕ፣ ከዚያም በመጨረሻው ሌሊት «ትንሽዬ ዕቃ ነች» እያለ በር ለሚያንኳኳ ወዳጅ አደራ አስቀድመው ተከፋፍለው አልቀዋል። ለባለቤቱ የሚተርፈው የእጅ ሻንጣው ብቻ ነው። የፊልም ካሜራ ይሻላል ወይስ ዲጂታል የሚለው ክርክርም የሚካሄደው በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ነው፤ ድምፁ ከፍ የሚለውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። የፊልም ወገን «ነፍስ» እያለ ይምላል፤ የዲጂታል ወገን «ሜጋፒክስል» እያለ ይገዘታል። ሁለቱም ግን ዋናውን ባለጉዳይ፣ ፎቶ የሚነሳውን ሰው፣ ምስክር እንኳ አድርገው አልጠሩትም። እኔ የምለው ይህ ነው፦ የጉዞ ካሜራ መመረጥ ያለበት በአንሺው ጣዕም ሳይሆን በተነሺው መብት ነው። ጥር 11 ቀን ጎንደር ላይ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ትንፋሿን ውጣ ለካሜራ የቆመች አክስት ፎቶዋን መቼ ታየዋለች? በእጇስ ትይዘዋለች? ለዚህ ጥያቄ የተሻለ መልስ ያለው ካሜራ ይሂድ፤ ሌላው ቤት ይጠብቅ።

ካሜራን ከመንገድ በፊት መፈተን ለሚሻ ሰው ሮዝዌል ራሷ በቂ መፈተኛ ናት። ከካንተን ጎዳና ብዙ ሳይራቅ ቪከሪ ክሪክ አለ። በ1864 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ ጦር የጥጥ ፋብሪካዎቹን ያቃጠለበት ስፍራ ነው፤ ዛሬ በአሮጌው ግድብ ላይ ውሃ እየነጣ ይወርዳል፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ደግሞ ጣሪያ ያለው የእግረኛ ድልድይ ይገኛል። ግድቡ ላይ ፀሐይ ዓይን ያሳውራል፤ ድልድዩ ውስጥ ግን ጥላ ነው። ፊልም አንዴ ከተጎረሰ ሐሳቡን አይቀይርም። የብርሃን ትብነቱ (ISO) 400 ከሆነ ፀሐይም ላይ 400 ነው፣ ጥላም ውስጥ 400 ነው፤ እስከ 36ኛው ፎቶ ድረስ ቃሉን እንደጠበቀ ይዘልቃል። በሰው ላይ የሚደነቀው ይህ ጠባይ ላሊበላ ሲደረስ ዋጋ ያስከፍላል። ከዓለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት አናታቸው ፀሐይ፣ ውስጣቸው ጨለማ፣ መገናኛቸው ደግሞ በእጅ እየዳሰሱ የሚያልፉት ዋሻ ነው። ዲጂታል ካሜራ ከቤተ ጊዮርጊስ ጠርዝ ወደ ውስጥ ሲወረድ ቁጥሩን በአንድ ጣት ያስተካክላል። የፊልሙ ባለቤት ወይ ሁለተኛ ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፣ ወይ ቄሱን «አባቴ፣ እባክዎ ትንሽ ወደ ብርሃኑ ይውጡልኝ» ብሎ ይለምናል። አባታችን ደግሞ የወጡት ለቅዳሴ እንጂ ለኮዳክ አይደለም።

የፊልም ወዳጆች የመጀመሪያ መቃወሚያ ውበት ነው፤ በከፊል እውነት አላቸው። የኔጋቲቭ ፊልም ብርሃን ሲበዛበት ነጩን ቶሎ አያቃጥልም፤ በቀትር ፀሐይ የነጠላውን ጥለትና ሽመና ይዞ ይቆያል። ዲጂታል ላይ አንዴ የነደደ ነጭ ተመልሶ አይመጣም። ነገር ግን ዲጂታል ጥላውን ስለማይረሳ፣ ብርሃኑን ትንሽ ቀነስ አድርጎ አንስቶ ፊቱን በኋላ ማብራት ይቻላል። ፊት ካልንማ ፊልም አንድ የቆየ ዕዳ አለበት። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ኮዳክ ለማጠቢያ ቤቶች የቀለም ማስተካከያ ካርድ ይልክ ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት «ሸርሊ» ትባል ነበር። ሸርሊ ካማረች ሁሉም አማረ ተብሎ ይታለፋል፤ ጥቁር ሰው አጠገቧ ከቆመ ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ይተርፋል። ፊልሙ ቡናማ ቀለምን አጥርቶ እንዲያሳይ ግፊት ያደረጉት ዋነኞቹ ወገኖች እነማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ማስታወቂያቸው የተበላሸባቸው ቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች! የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሰዎች በካርዱ ላይ የታዩት በ1990ዎቹ ነው። የዛሬው ፊልም በእርግጥ ተሻሽሏል። ቢሆንም «የፊልም ቀለም ለሰው ፊት ተፈጥሯል» የሚለን ሰው የየትኛው ሰው ፊት እንደሆነ ቢጨምርልን አንቀየምም።

ሁለተኛው መቃወሚያ ቁጥብነት ነው። «36 ብቻ ሲኖርህ ታስባለህ፤ ዲጂታል ግን ሰውን እንደ መትረየስ ያስተኩሳል» ይላሉ። ይህ መቃወሚያ ጠንካራ ነው፤ ግን ክሱ የቀረበው በካሜራው ላይ ሳይሆን በጣት ላይ ነው። ስቲቭ ሳሶን የተባለው የኮዳክ መሐንዲስ በ1975 የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሲሠራ ዕቃው 3.6 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ አንድ ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር፣ ካሴቱም የሚይዘው 30 ፎቶ ነበር። ዲጂታል ሲወለድ ጨዋ ነበር ማለት ነው፤ ያባለግነው እኛ ነን። ቁጥብነትን ከፊልም መግዛት ደግሞ ርካሽ አይደለም። ባለ 36 የቀለም ፊልም ገዝቶ፣ አሳጥቦና ስካን አስደርጎ ለመጨረስ አሜሪካ ውስጥ ወጪው ወደ 30 ዶላር ይጠጋል። አንዱ ፎቶ 80 ሳንቲም አካባቢ መሆኑ ነው። በዚህ ሂሳብ ፊልም የያዘ ሰው ሰርግ ላይ ሲቆም የሚታየው ሙሽራው ሳይሆን ሳንቲሙ ነው። አክስት «አንድ ድገመኝ፣ ዓይኔን ጨፍኛለሁ» ስትል ፊቱ የሚቀየር አንሺ ቁጥብ ሳይሆን ቋጣሪ ይባላል።

መንገዱም ለፊልም አይመችም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. የአትላንታ በረራ ከጀመረ ወዲህ ለጆርጂያ ሐበሻ ጉዞው ቀሏል፤ ፍተሻው ግን ለፊልም ከብዷል። አዳዲሶቹ ሲቲ የሚባሉት የእጅ ሻንጣ መፈተሻ ማሽኖች ያልታጠበ ፊልምን ሊያበላሹ እንደሚችሉ አምራቾቹ ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ፤ የሚጫን ሻንጣ ውስጥ ማስገባትማ ጭራሽ አይታሰብም። አሜሪካ ውስጥ «በእጅ ይፈተሽልኝ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ በየአገሩ ያለ ፈታሽ ሁሉ ግን እሺ እንዲል አይጠበቅም። ዲጂታሉም ከሕግ ነፃ አይደለም፦ ትርፍ የሊትየም ባትሪ ከሚጫነው ሻንጣ ወጥቶ ከባለቤቱ ጋር መሳፈር አለበት። ልዩነቱ ባትሪ ቢወረስ ባትሪ ብቻ መሄዱ ነው፤ ፊልም ቢበላሽ ግን ጥምቀቱ ራሱ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ማጠቢያው አለ። ኮዳክሮም የተባለውን ዝነኛ ፊልም ኮዳክ በ2009 መሥራት ሲያቆም፣ በዓለም ላይ ያጥበው የነበረው ካንሳስ፣ ፓርሰንስ ከተማ የሚገኝ አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ እሱም በ2010 መጨረሻ አበቃ። ፊልም በሌላ ሰው ኬሚካል ላይ የተንጠለጠለ ዕቃ ነው። ጎንደር የተነሳች አክስት ፎቶዋ ጆርጂያ ታጥቦ እስኪመለስላት ቢያንስ ቀጣዩን ጥምቀት መጠበቅ ግድ ይሆንባታል።

የፊልም ወገን ግን የመጨረሻ ጥይቱን ገና አልተኮሰም፦ «ዲጂታል ይጠፋል፣ ፊልም ይቀመጣል።» አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በምኒልክ ዘመን፣ ልጁ ሃይጋዝ ደግሞ በኃይለ ሥላሴ ዘመን ያነሷቸውን ፎቶዎች ዛሬም እናያለን፤ ያለፈው ዓመት የስልክ ፎቶ ግን ከስልኩ ጋር ታክሲ ውስጥ ቀርቷል። እዚህ ላይ ዲጂታል ጥፋተኛ ነው፣ አልከላከልለትም። ይሁን እንጂ የቤተሰቡን ፎቶ ለዘመናት ያቆየው ፊልሙ አልነበረም። በየቤቱ ኔጋቲቩ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ያቆየው ወረቀቱ ነው፦ ቡፌ ላይ ከአርቲፊሻል አበባ ጎን የቆመው፣ ቡናው እስኪፈላ ለእንግዳ ከሚሰጠው አልበም ውስጥ በፕላስቲክ ተሸፍኖ የተቀመጠው። ፊልም ይህን ያደረገው በበጎ ፈቃድ አልነበረም፤ ሳይታተም መታየት ስለማይችል ተገዶ ነው። ዲጂታል ማንም ስላላስገደደው ሰነፈ። ከስንፍናው ጋር ውሸት ጨመረበት፤ «በቴሌግራም እልክልሻለሁ» የምትለዋ ቃል ከቦሌ የምታልፍበት ቀን ጥቂት ነው። ስልክ ይበቃል ለሚሉም መልሱ ያው ነው። ስልክም ዲጂታል ካሜራ ነው፤ የሚጎድለው ሌንስ ሳይሆን ይሉኝታ ነው።

ይህን ጉዳይ በተነሺው ወገን ሆና ያየችው የሦስት ዓመት ልጅ ነች። በ1943 ሳንታ ፌ ውስጥ አባቷ ኤድዊን ላንድ ፎቶ ሲያነሳት «ለምን አሁኑኑ ላየው አልችልም?» ብላ ጠየቀችው፤ ፖላሮይድ ካሜራ በ1948 ለገበያ የቀረበው ከዚያ ጥያቄ ተነስቶ ነው። ፎቶውን ወዲያው በወረቀት የሚሰጠው የዛሬው ኢንስታክስ ካሜራ የዚያ የልጅ ልጅ ነው፤ አቅም ያለው አንድ ቢጨምር ደስ ይለኛል። ሆኖም ፎቶዋ የምታክለው መታወቂያ ነውና ለቡፌ ታንሳለች፤ ፊልም እንደመሆኗም የፍተሻውን ጣጣ ትጋራለች።

ስለዚህ ፍርዱ እንዲህ ነው። ለጉዞ ዲጂታሉ ይሂድ፤ የፊልም ካሜራው ሮዝዌል ይቆይና ቅዳሜ ቅዳሜ ቪከሪ ክሪክን ያንሳ። የዲጂታሉ ፈቃድ ግን በአንድ ግዴታ የታሰረ ነው፦ ያነሷትን አክስት ፎቶ ከከተማው ሳይወጡ ፎቶ ቤት ወስደው ያሳትሙና በእጇ ይስጧት። ይህን የማያደርጉ ከሆነ ካሜራውን ይተዉትና በእሱ ቦታ የጎረቤትዎን አደራ ይጫኑ። እሱ ቢያንስ ከባለቤቱ ይደርሳል።