የባሕሩ ደኅንነትማ ተጠብቋል

የተከበሩ የምክር ቤት አባላችን ቅድሚያ የሚሰጡት ለባሕር ጉዞ ደኅንነት ነው አሉ። እሰየው! ደግሞስ መች አልተሳካልንም? ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ በባሕር ጠረፋችን አንድም ሰው አልሰጠመም። ጠረፉ የለማ! ከመርከበኞቻችንም አንዳንዶቹ የሚሠለጥኑት ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ነው፤ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የትኛው ማዕበል ይደርስባቸዋል?

ጣናን እንኳ ተዉት። ባለፈው ወደ ዘጌ ስሻገር የነፍስ አድን ጃኬቱ ከነፕላስቲኩ ወንበር ሥር ተቀምጦ አየሁት፤ እንዳይቆሽሽ ነው አሉኝ።

የወረዳችን መንገድ ግን ከባሕር ጉዳይ ሊመደብ ይገባዋል። ክረምት ሲገባ የሚኒባሱ ሾፌር የጉድጓዱን ጥልቀት የሚለካው ረዳቱን አስቀድሞ በማስገባት ነው። «ዋና ይችላል?» ብዬ ብጠይቀው፣

«ታዲያ ለምን ቀጠርኩት?» አለኝ።