የማይቲን ንጽሕና ለመደንገግ የወጣ አዋጅ ቁጥር 1

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በርሊን፣ ኖይኮልን፣ 3ኛ ፎቅ የምትኖር፣ የምታድር፣ «ለአንድ ቀን ነው» ብለህ የከረምክ ሁሉ! ነጋሪት ስለሌለን ድስት ተመትቷል።

በቀዶ ሕክምና መሣሪያ የታወቀችው ቱትሊንገን የሠራችው ማይቲ ቬፖራይዘራችን ትንፋሽ አጥሮት ስለተገኘ፤ ሁሉ ስቦ ማንም ስላልጠረገ፤ ጥፋቱም ያለ ፍርድ በዕፁ ላይ ስለተላከከ፤ የሚከተለው ታውጇል።

በዚህ አዋጅ ውስጥ «ሙጫ» ማለት ዕፁ ሳይነድ፣ ቢበዛ በ210 ዲግሪ ሲተን፣ ትነቱ በማይቲው ማቀዝቀዣ ውስጥ በርዶ ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ቡናማ ነገር ነው። ቅርስ አይደለም። «ማጽዳት» ማለትም በካልሲ መወልወልን አይጨምርም።

ዕፁ የሚሞላበት የማይቲው ምድጃ ለብ እንዳለ በብሩሽ ይጠረጋል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ሙጫው በቀላሉ አይለቅም። ማቀዝቀዣው ይፈታታል። የጎማ ቀለበቶቹ ወልቀው ሲኒ ውስጥ ይቀመጣሉ (ባለፈው አንዷ ምስር ወጥ ውስጥ ተገኝታለች፤ ምርመራው ቀጥሏል)። ወንፊቱና የማቀዝቀዣው አካላት በአይሶፕሮፒል አልኮል 20 ደቂቃ ይዘፈዘፋሉ፤ ፕላስቲክ አልኮል ውስጥ ካደረ ሊሰነጠቅ ይችላልና ረስቶ የተኛ መለዋወጫውን ይገዛል። ከዚያ በሞቀ ውሃ ይለቀለቃሉ፣ ጥግ ጥጉ በጆሮ ጥጥ ይጸዳል፣ በደንብ ይደርቃሉ። ባትሪ ያለበት አካል ፈጽሞ አይነከርም፤ «ጫፉን ብቻ» ማለትም መንከር ነው።

አልኮሉ በክፍል ሙቀት ተኖ እሳት ይይዛል። ስለዚህ መስኮት ይከፈታል፣ ሻማና ምድጃ ይጠፋል፣ አልኮል የሸተተ ዕቃ አይጋልም። «ያው አልኮል ነው» ብሎ ከእናቱ የተላከለትን ካቲካላ የሚያፈስ ሰው በሁለት ክስ ይጠየቃል፦ አንደኛው ውሃ የበዛበት መጠጥ ሙጫን በቅጡ ስለማያሟሟ፣ ሁለተኛው ስለ ካቲካላው።

የአዋጁ ወሰን ጀርመን ነው። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ እዚህ ለአዋቂ የተፈቀደው 25 ግራም ካናቢስ ቦሌ ሲያርፍ ወንጀል ነው፤ ሙጫውም እንደዚያው። ለእረፍት አገር ቤት የሚሄድ፣ ማይቲውን ምንም ቢያጥበው፣ እዚሁ ትቶት ይሂድ።

ከዚህ አዋጅ ጋር የሚቃረን ማንኛውም ልማድ፣ በተለይ «ነገ አጸዳዋለሁ» የሚባለው፣ ተሽሯል።

ይህ አዋጅ በፍሪጁ በር ላይ ከተለጠፈበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። ማግኔት ስለጠፋ የተለጠፈው በራሱ በማይቲው ሙጫ ነው፤ እስካሁን አልወደቀም።